የጀሚላ ጀሪካኖች

ወይዘሮ ሀዲያ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሲደርሱ ጉልበታቸው ከዳቸውና ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። የሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ለጤነኛም ቢሆን ቀልድ አይደለም፤ ለእሳቸው ደግሞ ገና ሁለት ፎቅ ይቀራቸው ነበር። አንድ እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አድርገው ሰው እንዳያያቸው ተመኙ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ ምነው ሰው በመጣ አሉ። ብቻውን የሚኖር ሰው በአንድ ትንፋሽ ሁለቱንም ይመኛል።

የመጣችው መርሃዊት ነበረች። ከአዲግራት መጥታ ሁለተኛ ዲግሪዋን የምትማር፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ ከእሳቸው ፊት ለፊት የተከራየች ልጅ ናት። በስምንት ወር ጉርብትና ከሰላምታ ያለፈ ነገር ተነጋግረው አያውቁም።

«እማማ፣ ደህና ነዎት? ልደግፍዎት?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ። ትንሽ ልረፍ ብዬ ነው።»

«በጣም ደክመዋል እኮ። ምሳ በልተዋል?»

«አልበላሁም። መብላት ትቻለሁ።»

«ጾም ነው?»

«ጾምስ አይደለም» አሉ ወይዘሮ ሀዲያ፤ ሆዳቸውን በጣታቸው ነካ እያደረጉ። «ይሄን እያስራብኩት ነው። ያን ነገር።»

በእኛ አገር «ያ ነገር» ሲባል ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ስሙን የሚጠራው ግን የለም። ስሙ ካልተጠራ ደጅ ቆሞ የሚመለስ ይመስለናል። እሱ ግን ስም ጠሪ አይጠብቅም። መርሃዊት ክንዳቸውን ይዛ ቀስ እያለች እስከ ቤታቸው አደረሰቻቸው፤ ወንበር ስባ ስታስቀምጣቸውም እንደ ወጉ ተሰናብታ መሄድ ነበረባት። አልሄደችም።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሐኪሙ ምን አለዎት?»

«የእንቁላል እጢ ነው አለኝ። በስድሳ ሦስት ዓመቴ፣ ልጅ እንኳ ሳይሰጠኝ፣ የምን እንቁላል ነው ብዬ ሳቅሁበት። እሱ ግን አልሳቀም።»

መርሃዊትም አልሳቀችም። የመመረቂያ ጽሑፏ የሚያወራው ስለዚሁ በሽታ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ አንብባለች፣ ጽፋለች፤ አንድ ታማሚ አጠገብ ግን ቁጭ ብላ አታውቅም።

ወይዘሮ ሀዲያ ስልካቸውን አውጥተው አንድ የድምፅ መልእክት ከፈቱ። «ሀዲያዬ፣ ካንሰር የሚበላው ስኳር ነው አሉ። ከከለከሉት ይሞታል። አስርቢው እህቴ፣ አፈር ስሆን አስርቢው።» የላከችው ጀሚላ ናት። ካዛንቺስ አንድ ግቢ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት አብረው ኖረዋል። ሰፈሩ ለልማት ሲፈርስ ጀሚላ ከከተማው ዳር ገላን ጉራ ቤት ደረሳት። ወይዘሮ ሀዲያን የወንድማቸው ልጅ ዓብዱልሀኪም ለሕክምናው ይቅረብዎት ብሎ እዚህ አስገብቷቸው ወደ ሥራው ወደ አዳማ ተመለሰ። መልእክቱን በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ይሰሙታል። ምክሩንማ ከያዙት ሰነባበቱ፤ የሚሰሙት የጀሚላን ድምፅ ብለው ነው።

«ጀሚላ ልክ ናት» አለች መርሃዊት። «ማለቴ፣ ግማሹ ልክ ነው። ካንሰር ስኳር ይወዳል።»

«ታዲያ ምን ልትከራከሪኝ ነው?»

መርሃዊት የተማረ ሰው እንደሚያደርገው ጣቷን አነሳች። «የሰውነታችን ሕዋስ በሽፋን የተከበበ ነው። ስኳር ሽፋኑን ዝም ብሎ አያልፍም። ሽፋኑ ላይ አጓጓዥ ፕሮቲኖች አሉ፤ ትራንስፖርተር ይባላሉ፤ እነሱ ናቸው...»

«ትራንስፖርት? ለገሃር ያለው ዓይነት?»

ልጅቷ ጣቷን አወረደች። «በቃ፣ በር ይበሉት። ጤነኛው ሕዋስ በሩ ልክ አለው። የእንቁላል እጢ ካንሰር ግን በር ያበዛል። ስኳር የሚያስገባ አለው። ከምስሩም ከሥጋውም የምናገኘውን የፕሮቲን ፍርፋሪ የሚያስገባ አለው። ጉድፉን ወደ ውጭ የሚያወጣም አለው። የሚያድገው በዚህ ነው።»

«አየሽ!» አሉ ወይዘሮ ሀዲያ፣ የተረቱ ሳይሆን የረቱ መስሏቸው። «በሩ ከበዛ በላተኛ ነው ማለት ነው። ምግብ ሲጠፋ ደግሞ ቀድሞ የሚሞተው በላተኛው ነው። እኔ ትንሽ ትበቃኛለች፤ እችለዋለሁ። ማን እንደሚቀድም እናያለን።»

እውነቱን ለመናገር መልሱ ጠንካራ ነበር። መርሃዊት ግድግዳው ላይ አንድ ፎቶ አየች፤ ሴቶች ቧንቧ ከበው ይስቃሉ።

«እማማ፣ ካዛንቺስ ውኃ እንዴት ነበር የምትቀዱት?»

የወይዘሮ ሀዲያ ፊት በራ። «ለስምንት ቤት አንድ ቧንቧ። የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን። ጀሪካን በሰልፍ እንደረድር ነበር።»

«ውኃው ቀጥኖ መጥቶ ቶሎ ሲሄድስ፣ ማን ነበር ባዶውን የሚቀር?»

«እኔ ነኛ! አንድ ጀሪካን ይዤ ከጀርባ የምቆመው። ጀሚላ ጎህ ሳይቀድ ተነስታ አሥር ትደረድር ነበር። አሥር! ስትጠየቅ የእንግዳ ነው ትላለች፤ የምን እንግዳ!»

«ውኃው ሲቀጥን ታዲያ፣ በላተኛዋ ጀሚላ ናት ብለን፣ እሷ ተጠማች?»

«ጀሚላ? እሷማ በርሜሏ ሙሉ...» ብለው ወይዘሮ ሀዲያ ንግግራቸውን አቋረጡ።

«ካንሰሩ አሥር ጀሪካን ቀድሞ የደረደረው ነው፣ እማማ። እርስዎ መብላት ሲያቆሙ ውኃው ይቀጥናል እንጂ ሰልፉ አይለወጥም። ደግሞም ደምዎ ከስኳር ባዶ አይሆንም። ሰውነት ምግብ ሲያጣ የራሱን ጡንቻ እያፈረሰ ስኳር ይሠራል። ያንንም ቀድሞ የሚቀዳው እሱ ነው። ጉልበትዎ ደረጃው ላይ የቀረው ለዚህ ነው።»

ወይዘሮ ሀዲያ ወደ ፎቶው ዞሩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ጀሚላ እኮ ከአሥሩ ሁለቱን ሁልጊዜ ደጃፌ ላይ ታስቀምጥልኝ ነበር» አሉ። «ይሄስ ያካፍላል?»

«አያካፍልም፣ እማማ።»

እንባቸው የመጣው ይሄኔ ነው። ለካ እኩል ተካፍለን እንራብ ብለው የተዋዋሉት ማካፈል ከማያውቅ ጋር ኖሯል።

«ኬሞውስ?» አለች መርሃዊት ቆይታ።

«ባለፈው ሄጄ ኪሎሽ ወርዷል፣ ደምሽም አንሷል፣ ለሰኞ ሳምንት ነይ ብለው መለሱኝ። ያን ቀን ካልተስተካከለ እንጃ አሉ።»

«መብላት እንደተዉ ነግረዋቸዋል?»

«አልጠየቁኝማ።»

«አፈር ስሆን እማማ፣ ነገ ደውለን እንንገራቸው። ምን ልብላ ብለውም ይጠይቋቸው፤ እነሱ ናቸው የሚያውቁት። ሌላም በር አለ፤ የገባውን መድኃኒት መልሶ የሚያስወጣ። ያ በር የበዛባቸው ሕዋሳት ከኬሞ ያመልጣሉ። ቀጠሮ በተጓተተ ቁጥር ያመለጡት ይባዛሉ። ቀኑ አይለፍ የሚሉት ወደው አይደለም።»

ወይዘሮ ሀዲያ ሻርፓቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «እውነቱን ልንገርሽ? ጀሚላ አስርቢው ስትለኝ ደስ አለኝ። ብቻዬን ማዕድ መቅረብ አቅቶኝ ነበር። አንዱን ጉርሻ ቆርሼ ለማን እንደማጎርስ ግራ ይገባኛል። ቤቱ ጭር ይላል። ረሃብ ይሻለኛል አልኩ።»

 መርሃዊትም እራቷን ምድጃው አጠገብ ቆማ፣ ስልኳን እያየች ነበር የምትበላው። ተነስታ ወጣች፤ በሳህን ምስር ወጥና እንጀራ ይዛ ተመለሰች።

«ሥጋ የለበትም፤ አያስቡ።»

«ቢስሚላህ» አሉ ወይዘሮ ሀዲያ፤ መርሃዊት አማተበች። የመጀመሪያዋን ጉርሻ ወይዘሮ ሀዲያ ጠቅልለው ለልጅቷ አጎረሱ፤ ልጅቷም መለሰችላቸው። አምስት ጉርሻ እንኳ አልሞሉም። ግን በሉ።

በማግስቱ ሆስፒታል ተደወለ፤ ስልኩን ያነሳችው ነርስም ምን በምን ሰዓት እንደሚበሉ በትዕግሥት ነገረቻቸው። ቁርስ እንቁላልና ወተት፣ ምሳ ጥራጥሬ፣ ሲያቅለሸልሻቸውም ትንሽ ትንሽ። መርሃዊት ከትምህርት ስትመለስ በራቸውን ታንኳኳለች። ከአምስት ቀን በኋላ አላንኳኳችም፤ በሩ ክፍት ነበርና።

ሰኞ ዕለት ሚዛኑ ላይ ሲወጡ አንድ ኪሎ ከግማሽ ጨምረዋል፤ ደማቸውም በቂ ሆኖ ተገኘ፤ ኬሞው ተሰጣቸው። ወይዘሮ ሀዲያ ድነዋል አላልኩም፤ ሐኪሙም አላለም፤ ገና ብዙ ዙር ይቀራል። ነገር ግን ለሐኪም ያልተደበቀ ረሃብ ይታከማል። የተበላ ምግብ መድኃኒቱን የሚችል ሰውነት ያቆማል፤ በቀኑ የተወሰደ መድኃኒትም የሚያመልጠውን ሕዋስ ይቀንሳል። ይህን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም፤ ቧንቧ ተሰልፎ ያደገ ሰው ይበቃል።

መድኃኒቱ ከከረጢቱ ጠብ ጠብ እያለ ሲወርድ ወይዘሮ ሀዲያ መርፌ ባልተተከለበት እጃቸው ስልካቸውን አነሱና የድምፅ መልእክት ቀዱ።

«ጀሚላ፣ አስርቢው ያልሽኝን ትቻለሁ። ያ ነገር ስሙ ካንሰር ነው፤ እኔው ጠራሁት፤ ምንም አልሆንኩም። እንዳንቺ አሥር ጀሪካን ደርድሯል። እንዳንቺ ግን አያካፍልም። አብሽሪ፣ በፍቅር እንዳልሽው አውቃለሁ። ሐሙስ ነይና አብረን እንብላ።»

መልሱ እስኪመጣ ግማሹ ከረጢት አለቀ። ሲከፍቱት መጀመሪያ የተሰማው አፍንጫ የመጥረግ ድምፅ ነበር፤ ከዚያም ጀሚላ።

«ሁለት ሳህን ይዤ እመጣለሁ። በስንት ሰዓት ልድረስ?»