ለቱርቦው የተቀዳ አረቄ

ደብረ ሲና፣ ከጣርማ በር ዳገት ግርጌ ባለ ጋራዥ፣ ቅዳሜ ረፋድ፤ ቲማቲም የጫነ ፒካፕ ኮፈኑ ተከፍቶ ቆሟል፤ የመኪናው ባለቤትም መካኒክም የሆኑት ጋሽ ወንድይፍራው ቁልፉን ኪሳቸው ከተው ከሾፌራቸው ከትርንጎ ጋር ይጨቃጨቃሉ።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ ቁልፍ የለም አልኩሽ! አርባ ዓመት ሞተር ስፈታ ዘይት የሚጠጣ አይቻለሁ፣ ውሃ የሚጠጣ አይቻለሁ። አረቄ የሚጠጣ ያየሁት ያንቺን ነው።

ትርንጎ፦ የእኔ አይደለም፤ የእርስዎ መኪና ነው።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ የእኔማ ነበር፣ አንቺ ግሮሰሪ ሳታደርጊው በፊት! ኮፈኑን ስከፍት እኮ የሰርግ ማግስት ነው የሸተተኝ።

ትርንጎ፦ ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ይስሙኝና ከዚያ ያባርሩኝ። ይሄ ሁሉ ቲማቲም ዛሬ ደብረ ብርሃን ገበያ ካልደረሰ ነገ ለከብት ነው።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ አትጩኺብኝ! ከነጋ ጀምሮ ራሴን ይወቅረኛል።

ትርንጎ፦ እሺ፣ ቀስ ብዬ። ቱርቦው አየሩን ጨምቆ ነው ለሞተሩ የሚያጎርሰው። አየር ሲጨመቅ ይግላል። የብስክሌት ጎማ ሲነፉ ፓምፑ አያቃጥልዎትም?

ጋሽ ወንድይፍራው፦ ለእኔ ነው ቱርቦ የምታስተምሪው? አንቺ ጡጦ ስትጠቢ እኔ ቱርቦ እፈታ ነበር!

ትርንጎ፦ ያውቁታላ! እንግዲህ በዚያ በጋለ አየር ላይ አረቄ እንደ ጉም ሲረጭበት ይቀዘቅዛል። እጅዎን ያምጡ፤ ከዚህ አዲስ ጠርሙስ ጠብ ላድርግልዎ።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ ኧረ ወዲያ በይ! … እሺ፣ በረደኝ። መዳፌ ስለበረደው ሞተሩ ምን አገባው?

ትርንጎ፦ መዳፍዎ ላይ ሲተን ሙቀቱን ይዞት ሄደ፤ እዚያም ያው ነው። ውጭ አገር የውድድር መኪኖች አልኮልና ውሃ ቀላቅለው እንዲህ ያደርጋሉ። በስልኬ አይቼዋለሁ።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ በስልኳ አየች! ነገ ደግሞ በስልክሽ አይተሽ የሰው ሆድ ልትቀድጂ ነው። ለመሆኑ የመስታወት መርጫዬን ፓምፕ ነቅለሽ ነው?

ትርንጎ፦ ነቅዬ ነው። መስታወቱን በጨርቅ እወለውለዋለሁ።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ ወይ መሐንዲስ! የላስቲክ ቱቦ፣ የመርፌ ቀዳዳ፣ የእናቷ አረቄ። ይህን አይቶ ያልሳቀ መካኒክ ካለ እሱም ጠጥቷል ማለት ነው።

ትርንጎ፦ ይሳቁ። ድሮ ይህን ዳገት ሁለቴ እየቆምኩ ነበር የምወጣው። ይህን ካሰርኩ ወዲህ ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ እስከ አፍ ጢሙ ጭኜ፣ የሙቀቱ ቀስት ከመሃል ንቅንቅ ብሎ አያውቅም።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ ሐሙስስ? ሐሙስ ራዲያተሩ መንገድ ዳር ሲንፈቀፈቅ በቲማቲሙ ሱጎ ልትሠሪበት ነበር? ስሚ፣ እኔ ለጥምቀት በንስሐ አባቴ ፊት ምዬ መጠጥ የተውኩ ሰው ነኝ። ሰካራም ሾፌር አልፈልግም፣ ሰካራም መኪናም አልፈልግም!

ትርንጎ፦ እሺ፣ ስለ ሐሙስ እናውራ። ይህችን የአረቄ መርጫ ዛሬ ጠዋት ፈታኋት። ምን እንደደፈናት ይመልከቱ።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ ምኑን ልየው፣ ዓይኔን ጭጋግ ጭጋግ ይለዋል። የእናትሽ ጌሾ ይሆናላ።

ትርንጎ፦ ዝገት ነው። ቀይ ዝገት። እኔ አረቄውን በነጠላ አጥልዬ ነው የምሞላው። እዚህ ግቢ ዝገት ያለው ያ የበርሜል ውሃ ብቻ ነው። ረቡዕ ማታ ሞተሩ አጠገብ ያሰርኩትን ጠርሙስ አረቄ ሞልቼው ሄድኩ፣ ሐሙስ መኪናው ፈላ። ትናንት ማታም ሞልቼው ሄድኩ፣ ዛሬ ጠዋት ባሸተው የበርሜል ውሃ!

ጋሽ ወንድይፍራው፦ እና እኔ ነኝ ልትይ ነው? ሌባ ገብቶ ይሆናል።

ትርንጎ፦ የጋራዡ ቁልፍ ያለው እርስዎ ጋ ብቻ ነው።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ አይጥ ነው እንግዲያ!

ትርንጎ፦ ጠጥታ ስታበቃ ውሃ የምትሞላ አይጥ? ምን ዓይነት ጨዋ አይጥ ናት!

ጋሽ ወንድይፍራው፦ ዝም በይ! የማለ ሰው እንዲህ ይባላል? ከአሁን ጀምሮ ሾፌሬ አይደለሽም። በቃ!

ትርንጎ፦ ይሁን። ለአይጧ ግን ይንገሩልኝ፤ ያ አረቄ የሰው አይደለም። እናቴ ስታወጣ መጀመሪያ የሚንጠባጠበውን ለሰው አትሸጥም፣ ትደፋዋለች። ከምትደፋው ብላ ነው ለመኪናው የሰጠችኝ። እሱን የጠጣ ሰው መጀመሪያ ራሱን ይወቅረዋል፣ ከዚያ ዓይኑን ጭጋግ ይለዋል ትላለች።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ … ከዚያስ?

ትርንጎ፦ ከምኑ?

ጋሽ ወንድይፍራው፦ ከጭጋጉ በኋላ ነዋ!

ትርንጎ፦ እኛ ሰፈር አንድ ሰውዬ ጠጥቶት ነበር። አሁን ቤተክርስቲያን የሚሄደው ልጁ እየመራው ነው።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ ትርንጎዬ … ስንት መለኪያ ቢጠጣ ነው?

ትርንጎ፦ አይጧ ስንት ጠጣች?

ጋሽ ወንድይፍራው፦ ረቡዕ ግማሹን። ትናንት … ትናንት እንኳ ጨርሼዋለሁ።

ትርንጎ፦ ጋሼ! ምን ነካዎት! ይነሱ፣ ሆስፒታል ነው፣ አሁኑኑ!

ጋሽ ወንድይፍራው፦ ሚኒባስ ጥሪልኝ!

ትርንጎ፦ እሱ ሰው እስኪሞላ ቆመው ሊጠብቁ? መኪናው ይኸው፣ ገበያውም ሆስፒታሉም ደብረ ብርሃን ነው።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ ይህን ሁሉ ጭኖ? ዳገቱ ወገብ ላይ ቢፈላብንስ?

ትርንጎ፦ መርጫዋን ጠርጌያታለሁ፣ እሷ ካለች አይፈላም። ግን ቁልፉ ኪስዎ ውስጥ ነው፤ እኔም ሾፌርዎ አይደለሁም።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ ነሽ አልኩሽ፣ እንቺ ቁልፉን! ደግሞ ምን ቆመሽ ታይኛለሽ? አረቄውን ሙዪበታ፣ ጢም አድርገሽ!