አንድ ብር የተጠየቀበት ዱላ

የምስክሩ ስም፦ አቶ መኳንንት ገብረ አማኑኤል
ዕድሜ፦ 61
ሥራ፦ ገበሬ
የትምህርት ደረጃ፦ የቄስ ትምህርት
አድራሻ፦ ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ በእግር የአንድ ሰዓት መንገድ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ረቡዕ ጥር 23 ቀን 1999 ዓ.ም. ከቀኑ 9፡30 ሰዓት
ቃሉ የተሰጠበት ቦታ፦ መሐል ሜዳ ከተማ፣ ፖሊስ ጣቢያ

ስሜና አድራሻዬ ከላይ የሰፈረው እኔ ምስክር፣ ሟች ፈንታ ማዕረግንም ሆነ ተጠርጣሪ አስፋው ወዳጆን ከልጅነታቸው ጀምሮ አውቃቸዋለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት የፈንታ ታላቅ ወንድም በጓሳ ሣር አጨዳ በተነሣ ጠብ የአስፋውን ወንድም ከኋላ መትቶ ገድሎ ደብረ ብርሃን ታስሯል። ሁለቱን ቤተሰብ ለማስታረቅ ከተሰየምነው ሽማግሌዎች አንዱ እኔ ነኝ። ዕርቁ ለፊታችን እሑድ ተቀጥሮ ነበር። እስከዚያ ማንም በማንም ላይ እጁን እንዳያነሣ ለሁለቱም ወገን ዋስ የሆንኩት እኔ ነኝ።

ትናንት ማክሰኞ ጥር 22 ቀን ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ፈንታ ለታሰረው ወንድሙ ስንቅ ሊያደርስ ስለሆነ አብሬው ደብረ ብርሃን ለመሄድ መናኸሪያ ተገኘሁ። በዚህ መስመር አውቶቡስ የቆየ ልማድ አለ። ወንዶች ስንሳፈር ዱላችንን በር ላይ ለረዳቱ እንሰጣለን፤ እሱም ባንድ ገመድ አስሮ ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ ያስቀምጥና ስንወርድ ይመልስልናል። ደም የተቃባ ሰው ሳይተዋወቅ ጎን ለጎን ሊቀመጥ ስለሚችል የተለመደ ነገር ነው። ተከፍሎበት አያውቅም።

የዚያን ዕለት ግን ታዲዮስ የተባለው ረዳት በሩ ላይ ቆሞ ለእያንዳንዱ ዱላ አንድ ብር፣ ጭን ላይ ለሚያዝ ዘንቢል አንድ ብር፣ ቦታ ለመቀየር ሁለት ብር እንደሚከፈል ተናገረ። የመኪናው ባለቤት ከዚህ ሳምንት ጀምሮ እንዳዘዘ ገለጸ። ሁለት ዶሮ በዘንቢል የያዘችው አማከለች የተባለች ነጋዴ፣ “ለዶሮዎቹ ወንበር ስጣቸውና እከፍላለሁ፤ እኔ ቆሜ እሄዳለሁ” ስትለው ሰው ሳቀ። ሌላው ከኋላ ሆኖ፣ “ታዴ፣ ሳል ይዞኛል፤ ለእሱስ ስንት ነው?” አለው። ታዲዮስም፣ “እኔ ላይ ምን ትጮሁብኛላችሁ? ባለቤቱን ጠይቁ” እያለ ይመልስ ነበር።

ፈንታ ክርክር አልፈለገም። አንድ ብር ከኪሱ አውጥቶ ከዱላው ጋር ለታዲዮስ ሊሰጥ እጁን ዘረጋ። እጁን ይዤ የመለስኩት እኔ ነኝ። “ተው። ዛሬ ለዱላ ከከፈልን ነገ ለለበስነው ጋቢ ይሉናል። ማንም ዱላውን እንዳይሰጥ” ብዬ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ተናገርኩ። ፈንታ፣ “ጋሼ፣ አንድ ብር እኮ ነው” አለኝ። እኔም፣ “ነገሩ የብሩ አይደለም” አልኩት። ሰውም ቃሌን አክብሮ ዱላውን እንደያዘ ገባ። ያን ጊዜ አስፋው በዚያው መኪና እንደሚሳፈር አላወቅሁም።

አስፋው የመጣው መኪናው ሊነሣ ሲል ነው። የትኬቱ ቁጥር በትክክል ከፈንታ ፊት ያለው ወንበር ሆነ። ታዲዮስን ወደ ኋላ እንዲያዛውረው ብጠይቀው ሁለት ብር አለኝ። አስፋውም ሰምቶ፣ “ይተዉት ጋሼ፣ እኔ ሰው ሸሽቼ አልቀመጥም” ብሎ ዱላውን በጉልበቱ መካከል አቁሞ ተቀመጠ። ከኋላ ወንበሮች የሁለቱም ወገን ዘመዶች ዱላቸውን እንደያዙ ነበሩ።

ከከተማው ወጥተን ከጠዋቱ 1፡10 ገደማ በጎች መንገዱን ሲያቋርጡ ሾፌሩ ድንገት ፍሬን ያዘ። ፈንታ እንቅልፍ ወስዶት ነበር። ብረት የለበሰው የዱላው ጫፍ ወደ ፊት ተወርውሮ አስፋውን ከጆሮው ሥር መታው። ደሙ በአንገቱ ወረደ። አስፋው ተነሥቶ ዞረና፣ “ከኋላ! እንደ ወንድሜ ከኋላ!” ብሎ ጮኸ። ፈንታ ገና ከእንቅልፉ እየነቃ፣ “በእናትህ፣ መኪናው ነው፣ እኔ አይደለሁም” አለው። አስፋው የመጀመሪያውን ትከሻው ላይ አሳረፈበት። ሁለተኛውን ፈንታ በክንዱ መከተ፤ አጥንቱ ሲሰበር ሰምቻለሁ። ሦስተኛውን ልይዝ እጄን ስሰድ ቀኝ የእጅ አንጓዬን ሰብሮ አለፈና የፈንታን አናት መታው። ፈንታ በሁለቱ ወንበሮች መካከል ወደቀ።

ወዲያው ከኋላ ያሉት ተነሡ። ቦታው ጠባብ ስለነበር ዱላ ማወናጨፍ ያልቻለው በጫፉ ይወጋ ነበር። መስኮቶች ረገፉ። አማከለች ሁለት የፊት ጥርሶቿን ያጣችው እዚያ ነው። ታዲዮስን ከበሩ አውጥተው አስፋልት በሌለው ጠጠር ላይ በእግራቸው ረገጡት። ሾፌሩ በሩን ከፍቶ ሲሸሽ ጠቡ ወደ መንገዱ ወረደ። አሥር ደቂቃ ያህል ከቆየ በኋላ ሰው ሁሉ የሚመታው ስላጣ ሳይሆን ክንዱ ስለዛለ ቆመ። ፈንታ ጭኔ ላይ ሆኖ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት ሞተ። 

አስፋው አልሸሸም። መንገድ ዳር ተቀምጦ፣ “ጋሼ፣ ሞተ እንዴ?” አለኝ። አዎ ስለው ዱላውን መሬት ላይ አኖረና ፖሊስ እስኪመጣ እዚያው ቆየ።

ዛሬ ከቀብር መልስ የፈንታ ሁለት ታናናሽ ወንድሞች ተከትለውኝ መጥተው ከጣቢያው አጥር ውጭ ቆመዋል። አስፋው መኪናው ውስጥ አድፍጦ እንደጠበቀው ነው የሰሙት። የአስፋው አባት ብቻውን ቤቱ ነው፤ ለበቀል ወደ እሱ እንዳይሄዱ እሰጋለሁ። ይህ ቃሌ ለእነሱ እንዲነበብላቸው ብጠይቅ፣ የምርመራ ቃል ለውጭ ሰው እንደማይነበብ መርማሪው ነግሮኛል። ስለዚህ ከዚህ ስወጣ እኔው እነግራቸዋለሁ፦ ቀድሞ የመታው የፈንታ ዱላ መሆኑን፣ መኪናው እንደወረወረው፣ ወንድማቸው ብሩን አውጥቶ ሳለ እጁን የመለስኩት እኔ መሆኔን። ዋሳቸው እኔ ስለነበርኩ ደሙን ከእኔ ይጠይቁ። ይህን ከነገርኳቸው በኋላ በእኔ ላይ የሚደርስ ነገር ቢኖር የአስፋውም ሆነ የአባቱ እጅ እንደሌለበት ከወዲሁ ይመዝገብልኝ።

ከላይ የተጻፈው በዓይኔ ያየሁትና በጆሮዬ የሰማሁት እንጂ የጨመርኩት የለም። ተነብቦልኝ ያልኩት መሆኑን አረጋግጫለሁ። ቀኝ እጄ በመሰበሩ በግራ አውራ ጣቴ አሻራዬን አኑሬያለሁ።

የምስክሩ አሻራ፦ መኳንንት ገብረ አማኑኤል (የግራ አውራ ጣት)
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ ምክትል ሳጅን አወቀ ገብሩ (ፊርማ)
ቃሉ ያበቃበት ሰዓት፦ ከቀኑ 10፡50