የበጌ ጆሮ

ልጄን ክርስትና ያነሳልኝ አበልጄ ነውና፣ ዋስ ጥራ ማለት ነውር መስሎኝ፣ እናት በጌን እንዲያረባልኝና ግልገሎቿን እኩል እንድንካፈል ሰጠሁት። በክረምቱ ምልክቴ ያለበትን ጆሮ በጨርቅ ጠቅልሎ መጣ። «በግህን ጅብ በላብህ፤ የተረፈው ይኸው ነው» ብሎ እንባውን ጠረገ። አጥንት የሚያደቅ ጅብ ጆሮ ይተዋል ወይ ብዬ እንኳ አልጠየቅሁም። እኔ ሞኙ አጽናንቼ፣ ጠላ አጠጥቼ ሸኘሁት።

ባለፈው መሐል ሜዳ ገበያ ብወጣ፣ በጌ ሁለት ግልገል አስከትላ ቆማለች። አንድ ጆሮዋ የለም። ገመዷን የያዘው አበልጄ ነው። ስጠራት በቀረላት ጆሮ ሰምታ መጣችና እጄን አሸተተች። እሱ ግን ዓይኑን እንኳ ሳይሰብር «በግ እኮ ይመሳሰላል» አለኝ።

«እውነትህን ነው» አልኩት፤ «ጅብና አበልጅም ይመሳሰላሉ።»