ሙሉ ካልሆነ አይላክም

ደሞዝ በተከፈለ ቀን የሒሳብ መምህሩ በቀጥታ ወደ ቤታቸው አይሄዱም። ከአውቶቡሱ ቀደም ብለው ይወርዱና ገንዘብ መላኪያው ቤት መስኮት ፊት ይቆማሉ። መስኮቱ ላይ በቀይ መብራት የሚበሩ ቁጥሮች አሉ፤ የሚሠሩበት አገር ገንዘብ ዛሬ በእሳቸው አገር ገንዘብ ስንት እንደሚመነዘር የሚናገሩ። መምህሩ መነጽራቸውን አስተካክለው ቁጥሩን ያነባሉ፣ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ፣ «ዛሬም አልተመለሰም» ይላሉ፣ ቦርሳቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው መንገዳቸውን ይቀጥላሉ። ይኸው ሦስተኛ ወራቸው ነው።

ሰው አገር ማስተማር ከጀመሩ ዐሥር ዓመት አልፏቸዋል። ተማሪዎቻቸው ከኋላቸው «ግማሽ የለም» ይሏቸዋል። ስሙ የወጣላቸው በፈተና እርማታቸው ነው። አንድ ልጅ ስሌቱን ከላይ እስከ ታች አሳምሮ ሠርቶ የመጨረሻዋ መስመር ላይ ከተሳሳተ ዜሮ ይሰጡታል። «መልስ ወይ ሙሉ ነው፣ ወይ የለም» ይላሉ። ቢለመኑም ቢለቀስባቸውም ንቅንቅ የለም። ሰው ደግሞ ሥራው ላይ የለመደውን ጠባይ እንደ ካፖርት በር ላይ አውልቆ ቤቱ አይገባም፤ መምህሩም ቤታቸውን የሚያስተዳድሩት በዚሁ ሕግ ነበር። ከአገር ሲወጡ ለባለቤታቸው በየወሩ ይህን ያህል እልክልሻለሁ ብለው በአገራቸው ገንዘብ ድፍን ያለ ቁጥር ቃል ገቡ። ዓመት ከዓመት ሳንቲም ሳትጎድል ላኩ። ባለቤታቸውም ገንዘቡ በደረሰ ቁጥር «ደርሷል፣ ሙሉ ነው» የምትል አጭር መልእክት በስልክ ትልክላቸዋለች። ያቺን መልእክት ሲያነቡ ደረታቸው በኩራት ይነፋ ነበር።

ታዲያ ካለፈው ዓመት ወዲህ የሚያስተምሩበት አገር ገንዘብ ይወርድ ጀመር። ደሞዛቸው ያው ደሞዝ ነው፤ ወደ አገራቸው ሲሻገር ግን ሲሦው መንገድ ላይ ይቀራል። መጀመሪያ ከምሳቸው ቀነሱ። ቀጥለው ጥርሳቸውን መታከሙን ተዉት። ያም አልበቃ ሲል፣ ጎዶሎ ከመላክስ ብለው ጭራሽ መላኩን አቆሙ። የቆጠቡትን አልጋቸው ሥር በብስኩት ቆርቆሮ እያጠራቀሙ ምንዛሬው እስኪመለስ ይጠብቃሉ። ከቤት የሚላክ መልእክት አይከፍቱም፣ ሲደወልም ስልኩን አያነሱም፤ ምን ብለው ያንሱት? ልጃቸው ደግሞ የአዋላጅነት ትምህርቷን የመጨረሻ ዓመት ልትጀምር ነው። ምዝገባው የሚዘጋው ዓርብ ነው፤ ካልተከፈለላት ዓመቱ አመለጣት። መምህሩ ይህን ያውቃሉ፤ ስለሚያውቁም እንቅልፍ ካጡ ሰንብተዋል።

በዚያን ዕለትም ቁጥሩን አንብበው ዞር ሲሉ ከውስጥ ከምትወጣ ሴት ጋር ትከሻ ለትከሻ ተጋጩ። የኬሚስትሪ መምህርቷ ነች፤ እዚያው ትምህርት ቤት ሁለተኛ ዓመቷን የያዘች የአገራቸው ልጅ። እጇ ፈጣን፣ አፏ ከእጇ የፈጠነ፣ ግን ለታላቅ አክብሮት የማይጎድላት ሰው ነች።

«ይቅርታ ጋሼ፣ ጎዳሁዎት?»

«ምንም አልሆንኩም ልጄ። መንገድ ዘግቼ የተገተርኩት እኔው ነኝ።»

«እርስዎም ሊልኩ መጡ?»

«ለማየት ነው የመጣሁት።»

«ምኑን?»

«ምንዛሬውን ነዋ።»

«አይተውስ?»

«አይቼማ እመለሳለሁ።»

መምህርቷ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ሻይ ጋበዘቻቸው። ከመንገዱ ማዶ ጠባብ ሻይ ቤት አለ፤ የጠረጴዛው እግር ከፍና ዝቅ ስለሚል ከሥሩ የታጠፈ ካርቶን ተደርጎለታል። መምህሩ ሻዩን በአንድ ጉንጫቸው ብቻ ሲጠጡ አየቻቸው።

«ጋሼ፣ ጥርስዎን ለምን አይታከሙትም?»

«ምንዛሬው ሲመለስ እታከማለሁ።»

«ጥርስም ምንዛሬ አይቶ ነው እንዴ የሚያመው?»

መምህሩ ሳቁ፤ ሲስቁም ጥርሳቸውን አመማቸው። ኩሩ ሰው አንዳንዴ ከሳቀ በኋላ ይፈታል። ቆርቆሮውን፣ የልጃቸውን ምዝገባ፣ የማያነሱትን ስልክ አንድ በአንድ አወጡላት። ሲጨርሱም ማንም ሳይጠይቃቸው ራሳቸው ለራሳቸው ጥብቅና ቆሙ።

«ይመለሳል። እኔ ስመጣ ይህ ገንዘብ ምን ያህል ጉልበት እንደነበረው አንቺ አላየሽም። ገበያ ነው፤ የወረደ ይወጣል።»

«ይወጣ ይሆናል፤ አይወጣም ብዬ አልከራከርዎትም። ግን መቼ ነው? ከዓርብ በፊት?»

«እሱን ማን ያውቃል።»

«እርስዎ አያውቁትም፣ እኔም አላውቀውም፣ ባንክ የምትሠራው እህቴም አላውቅም ነው የምትለው። ማንም በማያውቀው ነገር ላይ ደሞዝዎን አስይዘዋል ማለት ነው። የዚህ ነገር ስሙ ምንድን ነው?»

«ትዕግሥት።»

«ቁማር ነው፣ ጋሼ።»

መምህሩ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «እኔ ካርታ በእጄ ነክቼ አላውቅም።»

«ካርታ የነካ ሰውማ ቢያንስ እየተጫወተ መሆኑን ያውቃል። እርስዎ ሳያውቁት ነው የሚጫወቱት፤ ለዚያውም በልጅዎ ዓመት። ደግሞ ቆርቆሮው ውስጥ ያለው ገንዘብ እንዳለ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅዎት አይምሰልዎት። በየወሩ ልከውት ቢሆን ዛሬ ከሚያወጣው የበለጠ ያወጣ ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እኮ ለእንዲህ ያለው ነው።»

መምህሩ በልባቸው አሰሉት። ማስላት እንጀራቸው ነው፤ ይህችን አንዲት ስሌት ግን ፈርተው ሳይነኳት ከርመዋል። አሁን ቢሠሯት መምህርቷ ያለችው ልክ ሆነ። ልክ መሆኑም አናደዳቸው፤ ሰው በተረታበት ሰዓት ሌላ በር ፈልጎ መውጣቱ አይቀርምና እሳቸውም ሌላ በር ፈለጉ።

«እሺ፣ ዛሬ ሰብስቤ ልላከውና ነገ ቢመለስስ? አንጀቴ አያርርም?»

«ያርራል። የወር የወሩን ባንድ ላይ የማላጠራቅመውም ለዚህ ነው። እኔ ደሞዝ በወጣ ቀን፣ ቁጥሯ ምንም ትሁን ምን፣ ለአገር ቤት የመደብኩትን ልኬ እወጣለሁ። ቀና ብዬም አላያት። አንዱ ወር ይጎዳኛል፣ ሌላው ይክሰኛል። ዓመቱ ሲያልቅ ብልጥም አልባል፣ ሞኝም አልባል፤ ግን ተኝቼ አድራለሁ። የእርስዎ የቆርቆሮው ደግሞ የሚፈለግበት ቀን አለው። ዓርብ የሚከፈል ገንዘብ ቅዳሜ እጥፍ ቢሆን ለልጅዎ ምን ይሠራላታል?»

«ታዲያ ሁሉን ጠራርጌ ልኬ እኔስ ምን ልብላ?»

«ማን ሁሉን አለዎት? ገንዘብ በሚወጣበት ቤት ይደር። የቤት ኪራይዎና ቀለብዎ እዚህ ነው፣ እሱ እዚህ ይቅር። ለክፉ ቀን የሚሆንም ቀስ እያሉ ባንክ ያስቀምጡ፤ አልጋ ሥር ያለውን የሚያገኘው ሌባ ነው። የልጅዎ ትምህርት ያለው እዚያ ነው፣ የእሱ ወደዚያ ይሂድ። እዚያ የሚፈለገውን እዚህ ይዘው ሲቆዩ ነው ምንዛሬው ሲወርድ የሚያስደነግጥዎት።»

 መምህሩ አሁን ውስጣቸው ያለውን ዋናውን ነገር አወጡት። «ቃሌስ ልጄ? ይህን ያህል ብዬ ቃል ገብቻለሁ። ጎዶሎ መላክ ለእኔ ውርደት ነው።»

«የሚከፈልዎት በዚህ አገር ገንዘብ ነው፤ ቃል የገቡት በዚያኛው ነው። በመሐል ያለውን የሚወስነው እርስዎ አይደሉም፣ ርእሰ መምህሩም አይደለም። ሰው ቃል የሚገባው በእጁ ባለው ነገር ነው። እኔ ለእናቴ ‹ከደሞዜ ከአራት አንዱ እጅ ያንቺ ነው› ነው ያልኳት። ሲበዛ ይበዛላታል፣ ሲያንስም ያንስባታል። አስቀድማ ስለምታውቅ ወጪዋን በዚያው ትቆርጣለች። ቃሌም አልፈረሰም፣ እሷም አልተታለለች።»

«ቢሆንም ማነሱ ያሳፍራል።»

«ዝም ማለቱስ?»

 መምህርቷ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ጋሼ፣ ባለፈው ሳምንት መምህራን ክፍል ውስጥ የአንዲትን ልጅ ወረቀት ሲያርሙ አጠገብዎ ነበርኩ። ሁሉን ሠርታ መጨረሻ ላይ ሳተችና ዜሮ ሰጧት። እስቲ አሁን የራስዎን ወረቀት ይረሙት። ሦስት ወር ሠርተዋል፣ ከምሳዎ ቀንሰዋል፣ ጥርስዎን ታመዋል፣ ቆጥበዋል። ሥራው በሙሉ አለ። የመጨረሻዋ መስመር ጎደለችና ለቤትዎ የደረሰው ግን ዜሮ ነው። ዜሮውን ደግሞ የተቀበለችው ልጅዎ ነች።»

ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል። መምህሩ መከራውን ሳይጠብቁ ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ። አሳፈራቸው፤ ቢሆንም ደወሉ። ልጃቸው ገና አንዴ ሳይጠራ አነሳችው።

«አባዬ?»

«እኔ ነኝ። ደህና ነኝ ልጄ።»

ልጅቷ ለቅሶ ቀደማትና ስልኩን እናቷ ተቀበለቻት። ባለቤታቸው ረጋ ያለች ሴት ነች፤ ልብስ ሰፍታ ነው ቤቱን ደግፋ የያዘችው።

«ጤና ነህ?»

«ጤና ነኝ። ገንዘቡ ጎደለብኝና አፈርኩ። ለዚህ ነው የጠፋሁት።»

«ሥራህስ?»

«ሥራዬም አለ።»

 ባለቤታቸው «እኔ እኮ አባረውህ አፍረህ የተደበቅህ መስሎኝ፣ ለስፌት መኪናዬ ገዢ አግኝቻለሁ» አለች። «ነገ ሊወስዳት ነበር።»

«ምን ሊያደርግልሽ?»

«ለመሳፈሪያህ ነዋ። ባዶ እጅህንም ቢሆን ወደ ቤትህ እንድትመጣ ብዬ። ገንዘብ መላኪያው ቤት ሄጄም ጠየቅኩ። የዚያ አገር ገንዘብ ስለወረደ አሁን ወደዚያ ለሚልክ ጥሩ ጊዜ ነው አሉኝ።»

መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። እሳቸው ግማሽ ለመላክ አፍረው ሲደበቁ፣ እሷ ያላትን በሙሉ ልትልክላቸው ተነስታ ነበር። እንባቸው ሻዩ ውስጥ ጠብ አለ፤ መምህርቷ ደግሞ ጨዋ ነችና በመስኮት ወደ መንገዱ ማየት ጀመረች።

«መኪናሽን እንዳትሸጪ» አሉ እንደምንም። «ነገ እልካለሁ። ግን ለትምህርቷ ሙሉውን አይበቃም፤ ከግማሽ ብዙም አያልፍም።»

«ግማሹን ከከፈላችሁ እመዘግባታለሁ ብሏል እኮ ኮሌጁ። ሰሞኑን ስትደውልልህ የሰነበተችው ይህንኑ ልትነግርህ ነው።»

በማግሥቱ የብስኩት ቆርቆሮው ባዶውን ቀረ። መምህሩ ለኪራይና ለቀለብ የሚሆነውን ለይተው የቀረውን ላኩት፤ የላኩበትንም ወረቀት አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ልጅቷ ዓርብ ከመድረሱ በፊት ተመዘገበች።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ለማወቅ የሚፈልግ የሒሳብ መምህሩን ይጠይቅ፤ እሳቸው እንደሆኑ አሁን ዝም የሚሉ ሰው አይደሉም። ደሞዝ በወጣ ቀን ልከው በቀጥታ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ምንዛሬው አንድ ወር ይባስ ወረደ፣ በሌላው ትንሽ ቀና አለ፤ እሳቸው የሰሙት ከሰው ነው። ቤት ውስጥ ያሉትም የሚመጣላቸው ከደሞዙ ስንት እጅ እንደሆነ ስለሚያውቁ በጠባቡ ወር ጠበብ፣ በሰፊው ወር ሰፋ ብለው ያድራሉ፤ ለሁለተኛው የትምህርት ክፍያም ከሰፊዎቹ ወራት እያስተረፉ አሟሉት። ጥርሱ ታክሟል። ውል የሚታደስበት ጊዜ ሲደርስ ደግሞ ከውጭ የመጡት መምህራን በሙሉ አንድ ላይ ሆነው ርእሰ መምህሩ ቢሮ ገቡ፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና። ገንዘቡ በጣም ሲወርድ ደሞዛችን ይታይልን አሉ። ትምህርት ቤቱ ደሞዙን አልነካም አለ፤ የቤት ኪራዩን ግማሽ ግን ልቻል አለ። ሌሎቹ ሲያጉረመርሙ «ግማሽ የለም» ተነስተው «ግማሽም ግማሽ ነው፣ እንፈርም» አሉ። መምህራኑ ማመን አቃታቸው። ተማሪዎቹም የሚቀጥለው ፈተና ወረቀታቸው ሲመለስ በትክክል ለተሠራው መስመር ሁሉ ነጥብ መሰጠቱን አይተው ለሁለት ቀን ሌላ ወሬ አልነበራቸውም፤ ስሙ እንደሆነ ግን አልለቀቃቸውም።

ያን የቆርቆሮውን ገንዘብ የላኩ ዕለት ከሰዓት በኋላ ክፍል ውስጥ ሳሉ ስልካቸው ኪሳቸው ውስጥ ነዘረ። ሰሌዳው ላይ የጀመሩትን ትተው አነበቡት። የባለቤታቸው መልእክት ነበር። የላኩት ከቃላቸው እጅግ ያነሰ መሆኑን እሷም ታውቃለች፣ እሳቸውም ያውቃሉ። መልእክቱ ግን እንደ ድሮው ነበር፤ «ደርሷል፣ ሙሉ ነው።»