የጋለው ሰንሰለት

ከጋሼ ተሰማ ጋር ተከራክሬ ያሸነፍኩት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱንም ባላሸነፍኩ ይሻለኝ ነበር። በደርግ ጊዜ አሰብ ሳስተምር ጎረቤቴ ነበሩ፤ የነዳጅ ማጣሪያ ቴክኒሺያን ናቸው። መቼም የአሰብን ሙቀት የቀመሰ ያውቀዋል። ሰውዬው ለውሃ በርሜላቸው ዳስ ሠርተውለት፣ እርጥብ ጆንያ አልብሰውት፣ ውሻቸውን ግን እዚያው አጠገቡ ጠራራ ፀሐይ ላይ በብረት ሰንሰለት ያስሩታል። ሲያለከልክ እቤቴ ድረስ ይሰማኛል። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት አላስችል አለኝና ገባሁ።

«ጋሼ፣ በርሜሉ ጥላ ሥር፣ ውሻው ፀሐይ ላይ?»

«ውሃው ይሞቃላ!» አሉኝ፣ እንደ ሞኝ እያዩኝ። «ጓድ መምህር፣ የሰዉን ጣጣ ጨርሰህ ነው ወደ ውሻ የዞርከው?»

«እስቲ ሰንሰለቱን ይያዙት።»

ያዙት። «እሳት!» ብለው ለቀቁትና መዳፋቸውን እፍ እፍ ይሉ ጀመር።

«ይኸው! እሱ አንገቱ ላይ አድርጎት ነው የሚውለው» አልኳቸው።

«እውነትህን ነው፤ ነገ መላ አበጅለታለሁ» አሉኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ወጣሁ፤ ለሚስቴ ሳይቀር ጉራዬን ነዛሁ።

በማግስቱ በአጥር ጠሩኝ። ስሄድ ውሻው እዚያው ፀሐይ ላይ፣ በዚያው ሰንሰለት ታስሮ ያለከልካል። ጋሼ ተሰማ ወፍራሙን የሥራ ጓንታቸውን እስከ ክርናቸው አጥልቀዋል። ሰንሰለቱን ከፍ አድርገው ያዙና ፈገግ አሉልኝ።

«ተመልከት መምህር፤ አሁን አያቃጥልም!»