ጫጫታ ማጥፊያው

— ሄሎ... ሄሎ? አቤት... ማን ልበል?... ዝም። እንግዲያው አንቺው ነሽ። እታለም ኦክቡን፣ አንኳኪ እስኪ... አንድ። አዎ፣ እሷው ናት።

— ቆይ፣ ቆይ፣ ጆሮዬን በጥፍርሽ አትደብድቢው። አንዴ አዎ፣ ሁለቴ አይሆንም ተባብለናል፤ አራቴ የሚባል ነገር የለም። ሊቀመንበር ፒዮ ለአድናቂዎች ማኅበራችን አባላት የጻፈችውን አይተሽ ነው አይደል?... አንድ። አውቄያለሁ። «ነገ የዘፋኛችን የዱሪ ልደት ነው፣ ማልሱን ቪዲዮውን አበላሸችው፣ ምን ይሻለናል» ብላ ስሜን አጠፋችው። ተያት። ተርፏል። ተርፏል እልሻለሁ፤ ልቤ ገና አሁን ነው ወደ ቦታው የተመለሰው።

— ግን መጀመሪያ ያንቺን ንገሪኝ። ዛሬ ሐኪም ቤት ሄደሻል?... አንድ። ጉሮሮሽን አየልሽ?... አንድ። የኦፕራሲዮኑ ቁስል ድኗል?... አንድ። እሰይ! እልል በይ... ማለቴ፣ አትበይ። መናገር ትችያለሽ አለሽ?... ሄሎ? ትሰሚኛለሽ?... አንድ። ታዲያ ከተፈቀደልሽ ለምን ታንኳኪያለሽ?... እሺ። እሺ፣ አልጫንሽም። እኔም ብሆን እፈራ ነበር። ዕድሜሽን ሙሉ ዓሣ ገበያ ቆመሽ እየጠራሽ የሸጥሽበት ድምፅ ነው። አፍሽን ከፍተሽ ብታጪውስ? ገብቶኛል፣ እታለም።

— (የቻንሚ አባት፣ ሾርባው ሊገነፍል ነው፣ ክዳኑን አንሣለት... ኦክቡን ናት... ያው እያንኳኳች ነው።) ሰላም ብሎሻል ባልየው። የዱሪን የልደት ሾርባ ከዋዜማው እያሠራሁት ነው፣ የባሕር ቅጠሉን እሱ ዘፈዘፈ። «ለኔ ልደት ኑድል ቀቅለሽ ለማላውቀው ጎረምሳ ሾርባ» እያለ ያጉረመርማል። ግን ጨዉን ሦስቴ ቀምሷል።

— በይ፣ ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ያ አሮጌው የቪዲዮ ማቀናበሪያዬ ትንሽ ሠርቶ ብዙ እንደሚያዛጋ ታውቂያለሽ። በጡረተኞች ማዕከል ኮምፒውተር የሚያስተምሩን ሰውዬ አዲስ ሶፍትዌር ወጥቷል፣ ሞክሪው ብለው ጫኑልኝ። እና ጉድ ነው እልሻለሁ። የዱሪን ኮንሰርት ሁሉ ታስገቢለታለሽ፣ ዘፈኑን ከሥር ታነጥፊለታለሽ፤ ከዚያ እሱ ራሱ ከበሮው በተመታ ቁጥር ምስሉን እየቆረጠ ይሰድርልሻል። እኔ ሳምንት የምለፋበትን ሻይ ሳይፈላ ጨረሰው። ፊት ማሳመሪያ ሳይቀር አለው። ዱሪ ላይ ብሞክረው የተላጠ እንቁላል አስመሰለው፤ ደነገጥኩና ቶሎ መለስኩት።

— አዎ፣ እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበረበት? ይሄ እጄ አርፎ መቀመጥ መች ያውቃል። ከጎን «ጫጫታ አጥፋ» የሚል ነገር አየሁ። በስልኬ የቀረጽኩትን የዴጉ ከተማውን ኮንሰርት ታስታውሺዋለሽ... አንድ። ዝናቡ የዝናብ ልብሳችን ላይ ሲንጣጣ፣ ከኋላችን ያለችው ሴትዮ ፌስታሏን ስታንኮሻኩሽ። ይጥፋልኝ ብዬ ነካሁት። ዝናቡ ጠፋ። ፌስታሉም ጠፋ። የዱሪ ድምፅ ኩልል ብሎ ወጣ። እስከ መጨረሻው ሳላይ ለፒዮ ላክሁላት፤ እሷም «ከሲዲው ይበልጣል» አለች። እኔ ደግሞ ልቤ ያበጠው ማበጥ!

— ኋላ ቁጭ ብዬ ሳየው ያቺ ቦታ ደረሰች። ዱሪ መሀል ላይ ትንፋሽ የሚወስድባት፣ እኛ የምንጮህባት። አንቺ እንደ ልማድሽ ሰውን ሁሉ ቀድመሽ «ባንግ ዱሪ!» ብለሽ ሙሉ ስሙን ስትጠሪ፣ እኛ «አለንልህ!» ብለን የምንከተልባት። ምንም የለም፣ እታለም። ሜዳ ሙሉ ሰው አፉን ይከፍታል፣ የእጅ መብራቱን ያወዛውዛል፣ ድምፅ የለም። አንቺም ከፊት ቆመሽ የአንገትሽ ሥር ተገትሯል፣ ድምፅ የለሽም። ገንዳሽ ውስጥ ያሉትን ዓሦች መሰላችሁ። ማሽኑ ለካ ጫጫታ ያለው እኛን ነው።

— ዋናው ቅጂ የት ሄደ ልትይኝ ነው?... ዋናውንማ ከስልኬ አጥፍቼዋለሁ። ስልኩ ሞላ፣ ሞላ እያለ ሲነዘንዘኝ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ገልብጬዋለሁ ብዬ... ያንኑ ደግሞ ማሽኑ ጠረገው። አዎ፣ በጥፍርሽም ቢሆን ስደቢኝ፣ ይገባኛል። ያኔ ነው ለፒዮ «እንዳትለቂው፣ አበላሽቼዋለሁ» ብዬ የጻፍኩት።

— እውነቱን ልንገርሽ? ለዱሪ ብዬ አይደለም ያለቀስኩት። ዱሪ ነገም ይዘፍናል። ሐኪሙ ድምፅሽ እንደ ድሮው ላይመለስ ይችላል ብሎሽ ነበር። ፎቶሽ እንደሆነ ሞልቷል፤ ድምፅሽ ግን ያለኝ እዚያ ላይ ብቻ ነው። እሱንም በገዛ እጄ ጠርጌ የጣልኩት መሰለኝና ተንሰቀሰቅሁ። የቻንሚ አባት ሰው የሞተ መስሎት ማንኪያውን እንደያዘ ሮጦ መጣ።

— ኧረ አይዞሽ፣ ተርፏል አልኩሽ እኮ። አንቺም አታልቅሺ፣ ለጉሮሮሽ ጥሩ አይደለም። ስሚ፣ ያን «ጫጫታ አጥፋ» የሚለውን ደጋግሜ ስጎረጉረው ለካ የምትንሸራተት ነገር ናት፤ እስከ ጥግ ገፍቻት ኖሯል። ቀስ አድርጌ ወደ ኋላ ሳብኳት። ዝናቡ መጣ። ፌስታሉም መጣ፤ ያቺ ሴትዮ እንደዚያ ትናፍቀኛለች ብዬ አላስብም ነበር። እስከ መጨረሻው ስስባት «ባንግ ዱሪ!» አልሽ፣ ቤቱ ተናጋ። የቻንሚ አባት ከማድ ቤት ሆኖ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ኦክቡን መጣች እንዴ? ሩዝ ልጨምር?»

— ሳቅሽ? ሰማሁሽ፣ በአፍንጫሽ ነው የሳቅሽው... ለካ ማሽኑ ዋናውን አይነካም፣ ይሸፍነዋል እንጂ። የፈጣሪ ያለህ። ሰማይ ምድሩ ዞሮብኝ ነበር እኮ።

— አሁን የቀረን አንድ ነገር ነው። ፒዮ ያ ጥርት ያለው ይውጣ ትላለች። እኔ ደግሞ ጩኸታችን ይግባ ባይ ነኝ፣ ያንቺ ከፊት ሆኖ... ሁለት? ምን ማለት ነው ሁለት?... ሁለት። ሰማሁ፣ አትደብድቢኝ። ለምን? አፍረሽ ነው?... ሁለት። ለፒዮ ተጨንቀሽ ነው?... ሁለት። እሷንማ መች ፈርተሻት ታውቂያለሽ። ታዲያ... የድሮ ድምፅሽን መስማት ፈርተሽ ነው?... አንድ።

— እሺ፣ የኔ እህት። በይ እንዲህ እናድርግ። አንዴ ብቻ ስሚው። ሰምተሽ ሁለት ካንኳኳሽ አወጣዋለሁ፣ እናቴን እልሻለሁ። ስልኩን ኮምፒውተሩ ጋ ላስጠጋው። (አንተ፣ ቧንቧውን ዝጋው እስቲ... ዝጋው አልኩህ።) ይሰማሻል?... ዝናቡ ነው... ይኸው ዱሪ ገባ... ፌስታሏን ትሰሚያታለሽ?... አሁን ትንፋሽ ሊወስድ ነው—

— ...

— ሄሎ?

— ሁለት ድምፅ ሰማሁ። አንዱ ከኮምፒውተሩ ነው። ሌላው... እታለም? ሌላው ማነው?... ድገሚው እስቲ። ቀስ ብለሽ... አዎ። ሻካራ ነው፣ ሻካራ ይሁን፣ ምን አባቱ። ያንቺው ነው። ደግሞ እንደ ልማድሽ ቀድመሽ ነው የገባሽው፤ ኮምፒውተሩ ላይ ያለችውን ራስሽንም ቀደምሻት።

— አላለቅስም። ማን አለቀሰ?... እና ይግባ?... እንደሱ አይደለም፣ ጥፍርሽን አልፈልግም፣ በአፍሽ በይው... እሺ። ይገባል። ለፒዮ እኔ እነግራታለሁ፤ ጥርት ያለ ያማራት ሲዲ ትግዛ።

— (እ?... አይደለም፣ ኮምፒውተሩን ዘግቼዋለሁ... ራሷ ናት፣ ከስልኩ ነው... አንተው ጠይቃት፣ ይኸው።)

— ሰማሽው? ሾርባውን እኛ ጋ ትጠጪያለሽ ወይ ነው የሚልሽ... መጣሁ አለች፣ የቻንሚ አባት። ሩዝ ጨምር።

— በቃ፣ ዛሬ ብዙ አታውሪ፣ ጉሮሮሽን አሳርፊው። ብርቱካናማውን ሻርፕሽን አንገትሽ ላይ ጠምጥመሽ ነይ፣ ብርድ ነው። ዝጊው በይ...

— አንድ። እሺ።