የእትዬ ማስረጃ ካምቢዮ ዳገት ላይ የከዳ ዕለት

የተከበራችሁ የሥራ ባልደረቦቼ፣ የቤተሰብ አባላት፣ እንዲሁም መሐል ወንበር ላይ እጃቸውን አጣምረው «ይሄ ሰውዬ ደግሞ ዛሬ ምን ሊል ነው?» በሚል ዓይን የሚመለከቱኝ እትዬ፤

ከሁሉ በፊት ላረጋጋዎት። እዚህ ጥግ ላይ በወረቀት የተጠቀለለው ነገር የጡረታ መሸኛ ስጦታዎ ነው። ከገቡ ጀምሮ ዓይንዎን ከሱ ላይ አልነቀሉም። ስጦታ ነው፤ ሌላ ምንም የለውም።

እትዬ ወደዚህ ኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት በመጡበት ዕለት እኔ ከሳቸው ጥቂት ወራት ቀድሜ የገባሁ ጀማሪ ነበርኩ። የያኔው የካሳ ክፍል ኃላፊያችን ይዟቸው ገባና ከኔ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ያለውን ወንበር አሳያቸው። «ይኸው፣ የእርስዎ ቦታ ነው» አላቸው። እትዬ አልተቀመጡም። ማን ይቀመጥበት እንደነበር ጠየቁ። የለቀቀ ሠራተኛ ነው ተባሉ። ለምን እንደለቀቀ ጠየቁ። የተሻለ ሥራ አግኝቶ ነው ተባሉ። የት እንደሆነ ሲጠይቁ ኃላፊው ወደ እኔ ዞሮ አየኝ፤ እኔም ወደ መስኮቱ ዞርኩ። እትዬ ቦርሳቸውን አስቀመጡና ወንበሩን ገልብጠው እግሮቹን መመርመር ጀመሩ። አንደኛው እግር ብሎን የለውም። «ሰውየው የሄደው ለዚህ ነው» አሉ። አልሳቁም። እኛም ለመሳቅ አልደፈርንም።

«እትዬ ማስረጃ» የሚለው ስም የወጣላቸው በዚያው ሳምንት ነው። ማን እንዳወጣው እስከ ዛሬ ምርመራው አልተዘጋም። እኔ አልናገርም፤ እዚህ ያላችሁትም አደራ።

ከሳቸው ጋር የሠራ ሁሉ ያውቃል። «ዛሬ አምሮብዎታል» ስትላቸው «ምን ፈልገህ ነው?» ይሉሃል። የልደት ኬክ ሲቆረስ መጀመሪያ ሌላ ሰው ሲጎርስ ያያሉ። ጎኔን አሞኛል ብለህ ከሥራ ቀርተህ ስትመለስ በጣም አዝነው ይጠይቁሃል፤ ሻይ ያዝዙልሃል። ከዚያ እንደ ቀላል ነገር «ለመሆኑ የትኛው ጎንህ ነበር?» ይላሉ። በማግስቱም ያንኑ ይጠይቁሃል። ገንዘብ ያዣችን አንድ ጊዜ ግራና ቀኝ ተምታቶባት እስከ ዛሬ ድረስ እትዬ ፊት ጤነኛ ሆና ነው የምትውለው።

ግን አትፍረዱባቸው። የካሳ መርማሪ ናቸው። ሰው መኪናዬ ተገጨ፣ ቤቴ ተቃጠለ ብሎ ሲመጣ «ውነት?» ብሎ መጠየቅ ሥራቸው ነው። እኔ ዛሬ ልነግራችሁ የፈለግሁት ጥርጣሬያቸው ከቢሮ ወጥቶ ቤታቸው የገባበትን ጊዜ ነው። የቤተሰብ ጉዳይ ስለሆነ አስፈቅጄያለሁ። ፈቅደውልኛል፤ «ከጨመርክበት ግን አውቃለሁ» ብለውኛል።

ያኔ ልጆቻቸው ትንንሽ ስለነበሩ ሰፋ ያለች አዲስ ሚኒቫን ገዝተው ነበር። ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት ያደርሱና እኛን ይዘው ቢሮ ይመጣሉ፤ እኔን፣ ገንዘብ ያዧን፣ እና «ቀጮ» የምንለውን የመዝገብ ቤት ሠራተኛችንን። ቀጮ ሲሳፈር መኪናዋ ወደሱ በኩል እንደምታዘነብል ልብ በሉልኝ፤ በኋላ ጣጣ ያመጣበታል።

አንድ ሰሞን መኪናዋ ማርሽ ስትቀይር መንቀጥቀጥ አመጣች። ማርሹን ራሱ የሚቀይር ዓይነት ካምቢዮ ነው ያላት። ከቆመችበት ስትነሳ ትዘገያለች፣ ከዚያ ከኋላ እንደተገፋች ሁሉ ድንገት ወደፊት ትዘላለች። እትዬ ዝም ብለው ያዳምጧታል። አዲስ መኪና ምን ይሆናል ብለን እኛ ወሬያችንን ቀጠልን።

ታዲያ አንድ ጠዋት፣ ቢሮ ልንደርስ ስንል ያለው ረጅም ዳገት ወገብ ላይ፣ ሞተሩ ጮኸ፤ መኪናዋ ግን አልሄደችም። እትዬ ነዳጅ ሲሰጧት ይበልጥ ትጮኻለች እንጂ ጉልበቱ ጎማው ጋ አይደርስም። ቀስ ብላ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። ከኋላችን ጠርሙስ የጫነ ትልቅ የጭነት መኪና አለ። ገንዘብ ያዧ ዓይኗን ጨፈነች። ቀጮ በሩን ከፍቶ ሊዘል ተነሳ። እኔ ምን እንዳደረግሁ አልናገርም።

እትዬ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም። «ማንም እንዳይነቃነቅ» አሉ። ፍሬኑን ረገጡ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳቡ፣ መሪውን ጠምዝዘው የኋላ ጎማውን ከእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ጋ አስደገፏት። ቆመች። የተቃጠለ ዘይት ሽታ መኪናዋን ሞላት። ከዚያ እትዬ ወደ ኋላ ዞረው አንድ በአንድ አዩን፤ «ማነው መኪናዬን እንዲህ ያደረገው?» አሉ።

መኪናዋ ተጎትታ ጋራዥ ገባች። መካኒኩ ዘይቱን ሲያፈስ ጥቁር ሆኖ ወጣ። የሞተሩን ጉልበት ለጎማው የሚያስተላልፉት የካምቢዮው የውስጥ ሸራዎች ተበልተው አልቀዋል። እትዬ ገና አዲስ መኪና እንደሆነች ነገሩት። መካኒኩ እጁን እየጠረገ፣ «እመቤቴ፣ ዕድሜ አይደለም የገደለው፤ ሥራ ነው። ልጅ ሲያመላልስ የኖረ ካምቢዮ እንዲህ አይሆንም» አላቸው።

የሸጠላቸው ድርጅት ደግሞ ዋስትናውን አልቀበልም አለ። መርማሪው፣ እንደኛው ያለ ሰው ማለት ነው፣ መኪናዋ ከባድ ነገር ስትጎትት ሳትቆይ አልቀረችም ብሎ ጻፈ። እትዬ ያን ዕለት ቢሮ ሲገቡ ፊታቸው አይታይም ነበር። «ያለ ማስረጃ! ሌባ ነሽ እንደማለት እኮ ነው» አሉ። ዕድሜ ልካቸውን ከጠረጴዛው በዚህ በኩል የተቀመጡ ሴት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ በኩል ተቀመጡ። ቀጮና እኔ መሬት መሬቱን አየን።

ከዚያ በኋላ ቤትም ቢሮም ሰላም የለም። የመኪና ማቆሚያው ዘበኛ ተጠየቀ። ጎረቤታቸው ተጠየቀ። ቀጮ ክብደቱን ተጠየቀ፤ ምስኪን ለአንድ ወር ያህል ምሳውን ተደብቆ ነው የበላው። ጥርጣሬያቸው ሁላችንንም አዳረሰ። እኔ ራሴ መኪናዋን ነክቼ የማላውቅ ሰው፣ ሌሊት በእንቅልፌ ነድቻት ይሆን እንዴ እስከማለት ደረስኩ።

አንድ ቀን ጋራዥ ሄደው ከኋላ ፓራውልቱ ሥር ሲያጎነብሱ የመጎተቻ መንጠቆ አገኙ። ቀለሙ ተፍቋል፤ ብረቱ በመፋተግ ብዛት አብረቅርቋል። እትዬ መንጠቆ አስገጥመው አያውቁም። መኪናዋን ከሳቸው ሌላ የሚነዳት ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው።

ጋሼ፣ ይቅርታዎን። እዚያ ጋ ሲስቁ አይቻለሁ፤ ያኔ ግን አልሳቁም ነበር።

ባለቤታቸው ጋሼ ቅዳሜ ቅዳሜ መኪናዋን ይዘው የታመመ ጓደኛ ሊጠይቁ ይሄዱ ነበር። እትዬ እኔን ከፊታቸው አስቀምጠው ያሰላስላሉ። ይሄ ጓደኛ በሽታው ለምን ቅዳሜ ብቻ ይነሳበታል? ለምን አይድንም? ካልዳነስ ለምን አይሞትም? ጋሼን ስለ መንጠቆው ሲጠይቋቸው «መኪናዋ ስትገዛ ጀምሮ የነበረ ይሆናል» አሏቸው፤ ግንባራቸው ላይ ላብ ነበር። እትዬ ከዚያ በኋላ አልጠየቁም። ዝም ሲሉ ደግሞ ይብሳል፤ እናውቃቸዋለን።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ደወሉልኝ። «ምስክር ያስፈልገኛል፤ ቶሎ ና» አሉ። መኪናዋ ጋራዥ ናት፤ ጋሼ ግን ልክ እኔ ስደርስ ወደ «ታማሚው» በእግራቸው ወጡ፤ ሁለት ባዶ ጀሪካን ይዘው። ለታመመ ሰው ባዶ ጀሪካን ምን ያደርግለታል? በታክሲ ተከተልናቸው። እትዬ መንገዱን ሙሉ የቦርሳቸውን ማንገቻ እየጠመዘዙ መስኮቱን ብቻ ያያሉ። ምን እየጠበቁ እንደሆነ ገብቶኛል። ሌላ ቤት፣ ሌላ ሴት ነው የሚጠብቁት።

ከከተማው ጠርዝ፣ አንድ ኮረብታ አናት ላይ ከታክሲው ወረድን። በሽቦ የታጠረ የችግኝ ማፍያ ነው። ግማሹ ችግኝ ደርቋል። በሩ አጠገብ ትልቅ የውሃ በርሜል የተሸከመ ተሳቢ ጋሪ ቆሟል። ጋሼ ከታች ከምንጩ ጀሪካን ተሸክመው እያለከለኩ ይወጣሉ። ከኋላቸው ቦቲ ጫማ ያደረገ ሌላ ሰው ይመጣል። እትዬ እሱን ሲያዩት ክንዴን ያዙኝ። ታናሽ ወንድማቸው ነበር።

እናታቸው ባረፉ ጊዜ የአንገት ሐብላቸው ጠፋ። የመጨረሻዎቹን ቀናት ያስታመማቸው ወንድምየው ነበር። እትዬ ጠረጠሩት። ፊት ለፊት አላሉትም፤ ቤታቸው ግን እንዳይመጣ አደረጉ። እሱም ገባውና ቀረ። ከዚያ በኋላ ዓመታት አልፈዋል።

ጋሼ ጀሪካኑን አስቀመጡና ሁሉንም ተናገሩ። ወንድምየው የውሃ መሳቢያው ተበላሽቶበት ችግኙ ሁሉ ሊያልቅበት ነበር። ገበያ ላይ በድንገት ሲገናኙ እሱ ምንም አልለመነም፤ ጋሼ ናቸው አይተው ያላስቻላቸው። በዚያች የቤተሰብ መኪና፣ ያን ሁሉ ውሃ፣ ያን ሁሉ ዳገት ጎተቱ። ካምቢዮው የቻለውን ያህል ቻለ።

«ነግሬሽ ቢሆን እሺ ትዪኝ ነበር?» አሏቸው።

«አልልህም ነበር» አሉ እትዬ።

ወንድምየው የያዘውን ውሃ ችግኙ ላይ አፍስሶ ሲጨርስ ቀና አለ። «አንቺ ሰው መጠየቅ ሥራሽ ነው» አላቸው። «የማታውቂውን ሰው ሁሉ ትጠይቂያለሽ። እኔን ግን አንድ ቀን አልጠየቅሽኝም፤ ፈረድሽብኝ እንጂ።»

እትዬ አንድ እርምጃ ወደሱ ቀረቡ። እኔ የት ልግባ ብዬ ጋሪውን የምመረምር መሰልኩ።

«ወስደኸዋል?» አሉት።

«አልወሰድኩም።»

«እሺ» አሉ እትዬ። ማስረጃ አልጠየቁም፣ ምስክር አልጠሩም። ቦርሳቸውን ለኔ ሰጡኝና አንደኛውን ባዶ ጀሪካን አንስተው ወደ ምንጩ ወረዱ። ሐብሉ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ማን እንደወሰደውም አይታወቅም።

ሰኞ ጠዋት የሸጠላቸው ድርጅት ሄዱ። ማንም አላየባቸውም፣ መንጠቆውን አስወልቀው ቢከራከሩ የሚያሸንፉ ይመስለኛል። እሳቸው ግን መርማሪውን «ትክክል ነበርክ፤ ስትጎትት ነበር። ጥያቄዬን አንስቻለሁ» አሉት። በምን እንዳወቀ ጠየቁት። ጠርጥሮ ብቻ እንደሆነ ነገራቸው። «እንግዲያው በሚቀጥለው ከመጻፍህ በፊት ጠይቅ» ብለውት ወጡ። ካምቢዮው በራሳቸው ወጪ እስኪሠራ ድረስ ወራት አለፉ፤ እስከዚያ ሁላችንም በአውቶቡስ ተጋፋን። እትዬ ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው የአውቶቡሱን ሰው በሙሉ በዓይናቸው ሲመረምሩ ያያችሁ፣ ተለውጠዋል ብላችሁ አታስቡም።

በውነቱ መጠርጠሩን አልተዉም። ግን ከዚያ ወዲህ ጥርጣሬያቸው ወደ ራሳችን ፍርድም ዞረ። አንድ ዳቦ ጋጋሪ ምድጃው ተቃጥሎ ካሳ ሲጠይቅ፣ ጥያቄው ውድቅ ይሁን ብለን ሁላችንም ፈርመን ነበር። እትዬ ፋይሉን አነበቡና «ይሄን ሰው እምቢ ለማለት ለምን ቸኮልን?» አሉ። ሄደው ምድጃውን አዩ፣ ሰውየውን ጠየቁ፤ ውነቱን ነበር። ካሳው ተከፈለው።

እኔም የማመሰግንበት አለኝ። አንድ ጊዜ ከደንበኛ ጋር ተመሳጥሮ ሐሰተኛ ጥያቄ አሳልፏል ተብዬ ተከስሼ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ሰላምታ የሚሰጠኝ ጠፋ። ደግ ሰዎች ጭምር፣ እንዳላዩ ሆነው ያልፉኛል። እትዬ ወደ ጠረጴዛዬ መጡ። ወንበር ስበው ፊት ለፊቴ ተቀመጡና «አድርገኸዋል?» አሉኝ። አላደረግሁም አልኳቸው። ዓይኔን አዩት። «እሺ፤ እንግዲያው ተነስ፣ አብረን እንፈልጋለን» አሉኝ። ፈለግን፤ ስህተቱ ከሌላ ቅርንጫፍ የመጣ እንደሆነ ተገኘ። ግን እትዬ ሆይ፣ ባይገኝም ኖሮ ያቺ ጥያቄ ትበቃኝ ነበር። ያን ሰሞን ስንቱ ስለኔ ሲያወራ፣ ከእርስዎ በቀር እኔን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አመሰግናለሁ። ከልቤ ነው፤ ምንም ፈልጌ አይደለም።

ዛሬ ወንድምዎ በቀኝዎ፣ ጋሼ በግራዎ ተቀምጠው ሳይ ደስ ይለኛል። በሉ ሁላችሁም ተነሱልኝ፤ ብርጭቋችሁን ያዙ።

እትዬ፣ ጡረታዎ የጤናና የዕረፍት ይሁን። ልጆችዎ ይባረኩ፣ የልጅ ልጅ ያሳይዎት። እኛም ቤትዎ መምጣታችን አይቀርም፤ ያለ ቀጠሮ፣ ባላሰቡት ሰዓት እንመጣለን። በሩ ሲንኳኳ «ማነው?» ብለው ይጠይቁ፤ መጠየቅ ልማድዎ ነውና አይተዉት። ብቻ እየከፈቱ ይጠይቁን።

ለጤናዎ፣ እትዬ!